የሁለት ሰው ምራቅ

ሄርሜላ ወንድይፍራው ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ አረፈች። አምና በዚህ ወቅት አንዴም አታርፍም ነበር። ደሴ ተወልዶ፣ ደሴ አድጎ፣ ደሴ ያረጀ ሰው ዳገት ከበደኝ ቢል ማን ያምነዋል? እሷ ግን ከጥቅምት ወዲህ ከአልጋ ለመውረድ እንኳ ጭኗን በሁለት እጇ እየደገፈች ነው። ሥጋዋ በሙቀጫ የተወቀጠ ያህል ያማታል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ሽንቷ የሻይ ቀለም ይዟል።

ምክንያቱን ታውቃለች። በመስከረም ለደም ስብ ብለው ክኒን አዘዙላት፤ ክኒኑን ጀመረች፤ እግሯ ከዳት። ይህን ለመደመር ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ማስተማር አያስፈልግም፤ እሷ ግን አስተምራለች። መደመር ያቃታቸው ሐኪሞቹ ናቸው። ይህንኑ ለመናገር ስትመላለስ የዛሬው አራተኛዋ ነው።

በር ላይ ስሟን የምትቀበለው ልጅ እንጉዳይ ትባላለች። በ2119 ዓመተ ምሕረት ወጣቱ ሁሉ እንጉዳይ፣ ዘርጋው፣ አስካለ ነው፤ ሄርሜላና ሶልያና የአሮጊት ስም ሆነው ቀርተዋል።

«እማማ ሄርሜላ፣ ቀዩ ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለቻት።

«ዛሬም ቀዩ ላይ? እግሬን ነው እኮ ያመመኝ።»

«ንባብዎ ልብ ነዋ የሚለው።»

«ምን አመመዎት?» የሚል ጥያቄ እዚህ ቤት ከተረሳ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ንባብ አለው። አንድ ጊዜ ምራቁን ይሰጣል፤ ዘረመሉ ይነበባል፤ ምን ሊያመው እንደሚችል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው፣ ምን መብላት እንደሌለበት ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ቀዩ ወንበር የልብ፣ ቢጫው የስኳር፣ አረንጓዴው የነርቭ ነው። ሰው የሚቀመጠው በታመመበት ሳይሆን ሊታመም በሚችልበት ነው። ከሄርሜላ ፊት ለፊት በር ጣቱን የቆረጠመው ጎልማሳ ደሙን በመሐረብ አፍኖ ቢጫው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ጣፋጭ እንዳያበዛ ይመክረዋል።

ዶክተር ዘርጋው ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ አለው፤ ሲያልቅ በሩ ራሱ ይከፈታል። ሄርሜላ ስትገባ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም።

«እማማ ሄርሜላ፣ እንደምን አደሩ? ንባብዎ በጣም ጥሩ ነው።»

«ንባቤ ደኅና አደረ። ደኅና ያላደርኩት እኔ ነኝ።»

«አሁንም የጡንቻ ሕመም ይላሉ?»

«እላለሁ አይደለም ልጄ፤ አመመኝ። ክኒኑ ነው።»

ዶክተሩ የትዕግሥት ፈገግታ አሳያት። «በዚህ ክኒን ጡንቻቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ። እርስዎ ከእነሱ አይደሉም። ንባብዎ ላይ የለም።»

«እግሬ ላይ አለ።»

«ንባብዎ ላይ ግን የለም።»

ሄርሜላ ጥርሷን ነከሰች። ሰባት ሲደመር አምስት አሥራ አንድ ነው ብሎ ድርቅ የሚል ተማሪ በዘመኗ ገጥሟት ያውቃል፤ ያ ልጅ ግን ቢያንስ ጣቶቹን ለመቁጠር ፈቃደኛ ነበር።

«እንዲያውም ጥሩ ማረጋገጫ አለን» አለ ዶክተሩ፣ ስክሪኑ አዲስ ነገር ሲያመጣለት ፊቱ በርቶ። «መንታ እህትዎ ይኼንኑ ክኒን፣ በዚሁ መጠን ሁለት ዓመት ወስደዋል። አንድ ቅሬታ የለባቸውም። በሳምንት ሦስት ቀን የጦሳን ተራራ ይወጣሉ ይላል።»

«የምን እህት?»

«መንታ እህትዎ።»

«እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው።»

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እንዲህ ላለው ጊዜ የተዘጋጀ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጥቶለት ኖሮ ያነብ ጀመር። «ይህን ዜና ዘግይቶ መስማት ከባድ ሊሆን ይችላል። በጨቅላነታቸው የተለያዩ መንትዮች የሚሰማቸው የተደበላለቀ ስሜት...»

«ስሟ ማነው?»

«ሩመይሳ ኑርዬ።»

ሄርሜላ ወንበሩን ይዛ ተነሣች። «ሩሚ? ሩሚማ ጎረቤቴ ናት! አጥር ነው የሚለየን!»

«አዩ? ሳትተዋወቁ ጎን ለጎን ኖራችሁ። ደም ስቧችሁ ነው።»

«ስማኝ አንተ ልጅ። የኔ አባት ቄስ ወንድይፍራው ነው። የሷ አባት ሐጂ ኑርዬ ነው። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ባሕር ዛፍ የምታክል ናት፣ እኔን ደግሞ ታየኛለህ። በየት በኩል ነው መንታ የሆንነው?»

«ንባብ አይዋሽም፣ እማማ» አለ ዶክተሩ፣ እሱም እየደከመው። «ብቻ ክኒኑን እንዳያቋርጡ። ወር በገባ በአሥር ምርመራ አለ።»

በሩ ተከፈተ።

ምርመራውን ማንም ሊያስታውሳት አያስፈልግም ነበር። በየወሩ በአሥር ሰው ሁሉ ብልቃጥ ውስጥ ምራቁን ይተፋል፤ የታዘዘለት መድኃኒት ምራቁ ውስጥ ከታጣ አቋራጭ ተብሎ ይመዘገባል። የአቋራጭ መዝገብ ለአንድ ዓመት ይዘጋል። እጁ ቢሰበር የሚያስርለት የለም። ሻይ ቤት የነበረው ናሆም ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዞት በሩ ድረስ በቃሬዛ ሄዶ «መዝገብዎ ዝግ ነው» ተብሎ ተመልሷል። በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። ሄርሜላ ክኒኑን ብትውጥ እግሯ፣ ባትውጥ መዝገቧ ነው። ቁልቁለቱን እየወረደች ይህን ስታስብ ንዴቷ ከሕመሙ ባሰባት።

ሩመይሳ ጣራ ላይ ነበረች። በስልሳ ስድስት ዓመቷ መሰላል ተደግፋ ወጥታ የፀሐይ ኃይል መቀበያውን በጨርቅ ትወለውላለች።

«ሩሚ! ውረጂ!»

«ምነው? ማን ሞተ?»

«እኔ! ሬሳዬ ነው የቆመው! መንታሽ ነኝ አሉ!»

ሩመይሳ ነገሩን ስትሰማ መሰላሉ እስኪወዛወዝ ሳቀች። «ወላሂ ሐጂ ኑርዬ ይኼን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነሥቶ ቄስ ወንድይፍራውን ይጠይቀው ነበር!» አለች። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ። ጨርቁን ይዛ ቀስ ብላ ወረደችና የመጨረሻው መወጣጫ ላይ ተቀመጠች።

«ሄርሚ፣ የእማማ ሠልስት ቀን ትዝ ይልሻል?»

«እናቴ የሞተችበትን እንዴት እረሳለሁ?»

«የዚያን ቀን እኮ ነው ቀበሌው ምራቅ የሰበሰበው።»

በ2088 ዓመተ ምሕረት ነበር። ድንኳኑ ሄርሜላ ደጅ ተተክሎ፣ እሷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ጎረቤቱ ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ያመላልሳል፣ እንግዳ ይቀበላል። በዚያው ጧት ከቀበሌ የመጡ ሰዎች ከመስጊዱ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግተው የሰፈሩን ሰው በሰልፍ ምራቅ ያስተፉ ነበር። ያላስመዘገበ ሰው መድኃኒት አያገኝም ተብሏል። ሐዘንተኛ ደግሞ በሠልስቱ ከድንኳን ወጥቶ ሰልፍ አይቆምም፤ ነውር ነው። ለሐዘንተኛ ጎረቤት ይቆምለታል። ለራሽኑ ሩመይሳ ቆማላታለች፣ ለስብሰባው ሩመይሳ ፈርማላታለች። ተራዋ ሲደርስ «ሄርሜላ ለቅሶ ላይ ናት፣ እኔ እሰጥላታለሁ» አለች። መዝጋቢው ራሱ ጧት ድንኳኑ ገብቶ ንፍሮ ቆርጥሞ የወጣ ልጅ ነው። «እግዜር ያጽናት» ብሎ ሁለት ብልቃጥ አቀበላት። ሩመይሳ በሁለቱም ተፋች።

«ለሁለቱም?» አለች ሄርሜላ።

«ምን ላድርግ፤ ያንቺን ምራቅ ከየት ላምጣ? ፎርም መሙላት መስሎኝ ነበር።»

ሄርሜላ የእግሯን ነገር ትታ፣ የክኒኑን ነገር ትታ፣ ሌላ ነገር ትዝ አላት።

«ሩሚ። ወተት ይስማማሻል?»

«ኧረ እኔን! ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴን ነው የሚነፋኝ። ታውቂ የለ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት!» ሄርሜላ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ወተት አይስማማዎትም ብለውኝ እርጎ ዓይኔ እያየ ሲያልፈኝ! ሠላሳ አንድ ፋሲካ እንዲሁ ሳልፈስክ! ባንቺ ሆድ ነው? የኔ ሆድ ምን በደለ?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው...»

«ለኔ ብለሽ ተፋሽብኝ!»

ያለቀሰችው ሩመይሳ ናት። ሄርሜላ ደግሞ በሷ ማልቀስ ይበልጥ ተናደደች፤ ተናዳ ስታበቃም እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ሌላ ምን ይደረጋል? በዚያ ሳምንት እናቷን አብራት የቀበረችው ይህችው ሴት ናት።

በማግስቱ ሁለቱም ዶክተር ዘርጋው ፊት ተቀመጡ። ሩመይሳ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። «ልጄ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። በሠልስቱ ቀን ምራቁን...»

ዶክተሩ እጁን በፍጥነት አነሣ። ወደ ስክሪኑ አየ። ክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ መዝገብ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል።

«እማማ ሩመይሳ፣ 'እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር' ማለትዎ ነው።»

ሩመይሳ ገባት። «ቢኖር» አለች።

«እንዲህ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ ንባቡ የማን እንደሆነ እስኪጣራ የሁለቱም መዝገብ ይታገዳል። አሁን ያለው ወረፋ ሰባት ወር ነው። እስከዚያ ለሁለቱም ምንም መድኃኒት አይወጣም።»

ሄርሜላ ወደ ሩመይሳ ዞረች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሩመይሳን ሳል ጀምሯት፣ በሁለተኛው ቀን ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኝቶ፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በንባቧ ልክ የሚሠራላትን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ሰባት ወር ቀርቶ ሰባት ቀን ብታቋርጥ ምን እንደሚሆን ተነግሯታል።

«ይታገድ!» አለች ሩመይሳ። «ጻፈው ልጄ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«እንዳትጽፍ!»

«ዝም በይ አንቺ። እግርሽ አልቋል።»

«እግሬ ነው ያለቀው፤ ያንቺ ሳንባሽ ነው! ሳንባና እግር እኩል ነው? እንዳትጽፍ አልኩህ!»

«አታዳምጣት፣ ጻፈው!»

ሁለቱ አሮጊቶች አንዷ ባንዷ ላይ እየጮኹ ሳለ ሄርሜላ በንዴት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እግሯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘረጋችው። «እየው! ምናለ አንዴ ብታየው!»

ዶክተሩ አየ። ያበጠ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ግራ የገባው ይመስል ትንሽ ቆይቶ፣ አውራ ጣቱን ባቷ ላይ አሳርፎ ጫን አለ። ሄርሜላ ጮኸች። ዶክተሩ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ። አምስት ዓመት ሲያክም እሱ ነክቶት የጮኸ ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ ነክቶም አያውቅማ።

«ሽንትዎ ምን ይመስላል?» ሲል ድምፁ ተለውጧል።

«ሻይ።»

«ቀይ ሻይ?»

«ወተት ከተከለከልኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሌላ ምን ሻይ አለ?»

ዶክተሩ አልሳቀም። ወደ ስክሪኑ ዞሮ «ክኒኑ ይቁም» ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ምክንያት ጠየቀው፤ አሥራ አራት ምክንያቶች ዘርዝሮም አስቀመጠለት። ዶክተሩ ከላይ እስከ ታች አነበባቸው፤ ደግሞ አነበባቸው። በሽተኛዋ ታማለች የሚል አልነበረበትም። «ሌላ» የሚለውን ነካ። ስክሪኑ፣ ታካሚዋ ከመንታ እህቷ ጋር አንድ ዓይነት ንባብ ስላላት ጥያቄው ተቀባይነት የለውም አለው። ዶክተር ዘርጋው ጠረጴዛውን በጡጫው መታ። ሄርሜላ በአምስት ምልልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደችው።

በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ ተደጋግፈው ሲነሡ ዶክተሩም ተነሣ። ሐኪም በሽተኛውን ሲሸኝ ታይቶ አይታወቅምና፣ እንጉዳይ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አፏን ከፍታ አየችው። እሱ ግን እንግዳውን እንደሚሸኝ ባለቤት ግቢውን አቋርጦ እስከ ውጭው በር አብሯቸው ሄደ። ከአጥሩ ወጥተው ስክሪን የማይሰማበት ቦታ ሲደርሱ ቆመ።

«ሽንትዎን ያጠቆረው የፈረሰ ጡንቻ ነው፤ ይኼን ክኒን ከቀጠሉ ኩላሊትዎ ወር አይቆይም» አላት።

«ታዲያ ላቋርጥና መዝገቤን ይዝጉት?»

ዶክተሩ ጫማውን አየ። «የወሩ ምርመራ ክኒኑን ብቻ ነው የሚፈልገው። የማን አፍ እንደሆነ አይመረምርም።» ከዚያ ወደ ሩመይሳ አየት አደረገ። «መንታ ለመንታ መቅረብ ይችላል የሚል ደንብም አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ውሃ በብዛት ይጠጡ። ደኅና ዋሉ።»

ወር በገባ በአሥር የቀበሌው አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሩመይሳ ከጧቱ ጀምራ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ በራሷ ብልቃጥ ተፋች። ከዚያ አልሄደችም።

«የሄርሜላንም ስጪኝ» አለቻት ከጤና ጣቢያው መጥታ ብልቃጥ የምታድለውን እንጉዳይን። «እግሯን አሟት ተኝታለች፤ እኔ እሰጥላታለሁ።»

«አይቻልም እማማ፤ ባለቤቷ ራሷ ናት መምጣት ያለባት።»

«መንታ እህቷ ነኝ።»

እንጉዳይ የሩመይሳን ቁመት ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተች። ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ የምታውቃትን ያችን አጭር፣ ቀይ፣ ነጭናጫ ሴትዮም አሰበች። አፏን ልትከፍት ስትል ስክሪኑ ቀደማት፤ መንትዮች፣ የተረጋገጠ፣ ይፈቀዳል አለ። እንጉዳይ የምታየውንና የተጻፈውን አመዛዘነች። ከዚያ በሥራዋ እንደለመደችው የተጻፈውን አመነች። ብልቃጡን አቀበለቻት። ሩመይሳ እንደ ሠላሳ አንድ ዓመት በፊቱ ሁለተኛ ተፋች።

ሄርሜላ ክኒኖቹን በየጧቱ ከሣጥኑ እያወጣች ሽንት ቤት ትጥላለች። በሦስተኛው ሳምንት ሽንቷ ጠራ። በአምስተኛው ሳምንት ገበያ ደርሳ፣ ዳገቱን ሳታርፍ ተመለሰች፤ በእጇ አንድ ጣሳ እርጎ ይዛ ነበር። የሩመይሳ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ስትጠጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሆዷ ምንም አላላት። ከጎኗ ሩመይሳ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ታያታለች።

ስልኳ ጮኸ። ሄርሜላ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ውድ ታካሚያችን፣ መድኃኒትዎን በትክክል በመውሰድዎ ሕመምዎ ጠፍቷል። ጤናዎ ከመንታ እህትዎ ጋር እኩል ነው። እንኳን ደስ አለዎት።»

«እንኳን ደስ አለን» አለች ሩመይሳ።

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?» ሄርሜላ ስልኩን ጉያዋ ወተፈችው። «ከእንግዲህ ቢያመኝ አንቺን ነው የሚያክሙት። ካንሰር ቢይዘኝ ያንቺን ልብ ያዩልኛል። እኔ የምባል ሰው እዚያ ቤት የለሁም። አደራሽን ሩሚ፣ ከኔ በፊት እንዳትሞቺ።»

«ብሞትስ?»

«በአሥር ማን ይተፋልኛል?»

ሩመይሳ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ሳል ቀደማት። አንዴ ሳለች። ሁለተኛ ሳለች። ሄርሜላ ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ፊቷን ትመረምር ጀመር፤ ከንፈሯን፣ አተነፋፈሷን፣ ደረቷን። ሦስተኛው ሳል ሳይመጣ ቀረ። ሄርሜላ ግን ዓይኗን አላነሣችም።

«ምነው አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» አለች ሩመይሳ።

«ራሴን ነው የማየው» አለቻት ሄርሜላ በንዴት። «ውሃሽን ጠጪ።»